ከሰንዳፋ ወተት እስከ ደም ጠብታ፦ ፒኤች ፔፕታይዶችን እንዴት ይለያያቸዋል?

ወተት ሲረጋ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ለምን እንደሚረጋ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በደሴ መንገድ ከሰንዳፋ፣ በጎጃም መንገድ ከሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ወተት ሲታለብ ነጭና ፈሳሽ ነው። በጾም ወራት ገዢ ሲጠፋና ወተቱ ቤት ውስጥ ሲውል ሲያድር ግን እርጎ ይሆናል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ አሬራ ይቀራል፤ አሬራውም ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወተቱ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጨምር አንድ ነገር አለ፤ እሱም አሲድ ነው።

የአይብ አሠራርን እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት እዚህ ልናስተምር አንነሣም። ዓላማችን፣ ወተትን የሚያረጋው ሕግና በላቦራቶሪ ውስጥ ፔፕታይዶችን በኤሌክትሪክ ኃይል አንዱን ከሌላው የሚለየው ሕግ አንድ መሆኑን ማስረዳት ነው። ሕጉን የዘነጋ መርማሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ናቸው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱ በወተት ላይ ሲሆን የሚጎዳው ኪስ ነው፤ በሕፃን ደም ላይ ሲሆን ግን የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ይናጋል። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደመሆናችን ቀመር አላበዛንም፤ በአራት ኪሎ ያሉት ጓደኞቻችን ግን ቁጥሮቹን እየደመሩና እየቀነሱ ሊፈትኗቸው ይችላሉ።

ፒኤች ማለት ምን ማለት ነው?

ፒኤች የአንድ ፈሳሽ አሲድነት የሚለካበት ቁጥር ነው። ይህን መለኪያ ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1909 ነበር። ሶረንሰን ይሠራ የነበረው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ይህም ስሟ ከሜታ ቢራ ጋር ለተያያዘው ለሰበታ ልጆች ደስ የሚያሰኝ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። ቢራም ሆነ ጠላ፣ እርሾና ኢንዛይም የሚሠሩት ነገር ነው፤ ኢንዛይም ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ ባለው የሃይድሮጂን አዮን መጠን ሥራው ይፈጥናል ወይም ይደክማል። ሶረንሰን ይህን ሲመረምር መጠኑን በአጭሩ የሚገልጽ ቁጥር አስፈለገው።

የቁጥሩ አካሄድ ወደ ታች ነው። ፒኤች ሲያንስ አሲዱ ይበዛል፤ ሲበልጥ አሲዱ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ይውላል። ፒኤች በአንድ ቁጥር በወረደ ጊዜ የሃይድሮጂን አዮኑ 10 እጥፍ ይጨምራል። ትኩስ የላም ወተት ወደ 6.6 ገደማ ነው። በወተቱ ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ፒኤቹ ወደ 4.6 ይወርዳል። ልዩነቱ ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሃይድሮጂን አዮኑ 100 እጥፍ አድጓል ማለት ነው።

ሃይድሮጂን የሚይዙና የሚለቁ ክፍሎች

ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። እንደ መቁጠሪያ ብንመለከተው እያንዳንዱ ፍሬ አንድ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን፣ ወይም ረጅሙ ሲቆራረጥ የሚገኘው ቁራጭ፣ ፔፕታይድ ይባላል። ከፍሬዎቹ አንዳንዶቹ የሃይድሮጂን አዮን ሊይዙና ሊለቁ የሚችሉ ክፍሎች አሏቸው፤ የእነዚህም ክፍሎች ዓይነት ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሃይድሮጂኑን እንደያዘ ቻርጅ የለውም፤ ሲለቀው ግን ኔጋቲቭ ይሆናል። በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው ካርቦክሲል፣ እንዲሁም አስፓርቲክ አሲድና ግሉታሚክ አሲድ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ሃይድሮጂን ሲይዝ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ሲለቅ ቻርጁን ያጣል። በሰንሰለቱ መጀመሪያ ያለው አሚኖ፣ እንዲሁም ሂስቲዲን፣ ላይሲንና አርጂኒን ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁሉም ክፍሎች ሃይድሮጂናቸውን በአንድ ጊዜ አይለቁም። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ኬሚስቶች ፒኬኤ ይሉታል። የፈሳሹ ፒኤች ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን ከክፍሎቹ ግማሹ ሃይድሮጂን ይዘዋል፤ ግማሹ ለቀዋል። ፒኤቹ በአንድ ቁጥር ከፍ ሲል የያዙት ከ11 አንዱ ያህል ብቻ ናቸው፤ በሁለት ቁጥር ከፍ ሲል ከ100 አንዱ ያህል ይቀራሉ። ቁጥሮቹ በፔፕታይዱ ውስጥ እንደየጎረቤታቸው ጥቂት ከፍና ዝቅ ቢሉም ለግምት የሚከተሉት ይበቁናል፦ የሰንሰለት መጨረሻ ካርቦክሲል 3.3፣ ግሉታሚክ አሲድ 4.2፣ ሂስቲዲን 6.0፣ የሰንሰለት መጀመሪያ አሚኖ 8.0፣ ላይሲን 10.5። አርጂኒን ከ12 በላይ ስለሆነ ሃይድሮጂኑን በቀላሉ አይለቅም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። የአንድ ፔፕታይድ ቻርጅ እንደ ክብደቱ ለብቻው የሚነገር ንብረት አይደለም። «ይህ ፔፕታይድ ቻርጁ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ «በስንት ፒኤች?» የሚል ጥያቄ ነው።

አይቡ እንዴት ተለየ?

አሁን ወደ ወተቱ እንመለስ። ከላም ወተት ፕሮቲን ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። በትኩስ ወተት ፒኤች ኬዚን በድምሩ ኔጋቲቭ ነው። ጥቃቅን የኬዚን እንክብሎች ሁሉ ኔጋቲቭ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ስለሆነም ሳይጣበቁ ተንሳፈው ይኖራሉ። አሲዱ እየጨመረ ሲሄድ ኔጋቲቭ የነበሩት ክፍሎች ሃይድሮጂን እየያዙ ቻርጃቸውን ያጣሉ። ፒኤቹ 4.6 አካባቢ ሲደርስ የኬዚን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እኩል ይሆናል፤ ድምሩም ዜሮ ነው። ይህ ነጥብ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ይባላል። በዚያን ጊዜ የሚያራርቃቸው ኃይል ስለጠፋ ይጣበቃሉ፤ ወተቱም ይረጋል። በአጓቱ ውስጥ የሚቀሩት ሌሎች ፕሮቲኖች ግን በራሳቸው አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ላይ እንኳ በውሃ ውስጥ መሟሟት ስለሚችሉ፣ ካልሞቁ በቀር ከኬዚን ጋር አይረጉም።

ይህ ለወተት ሻጩ ገበሬ የገንዘብ ነገር ነው። በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ጥቂት ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ይቀላቀላል፤ ቋጠር ቋጠር ካለ ወተቱ አይገዛም። አልኮሉ ኬዚንን የከበበውን ውሃ ይቀማዋል፤ ቻርጁ ሙሉ የሆነ ኬዚን ይህን ይችላል፣ አሲድ መጨመር ጀምሮ ቻርጁ የሳሳበት ግን አይችልም። ስለዚህ ሌሊቱን በሙቀት ያደረ ወተት ለምላስ ገና ሳይኮመጥጥ በምርመራው ሊወድቅ ይችላል። ገበሬው «ወተቴ ደኅና ነው» ቢል አልዋሸም፤ ጣቢያውም አልበደለም። ሁለቱ የሚለያዩት በዓይን በማይታይ የቻርጅ መጉደል ነው።

በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ

አሁን ኬዚኑን ቻርጁ በሌሎች ኬዚኖች ላይ ምን እንደሚያደርግ በማየት ፈንታ በሁለት የኤሌክትሪክ ዋልታዎች መካከል ብናስቀምጠው ምን ይሆናል? በ6.6 ኔጋቲቭ ስለሆነ ወደ ፖዘቲቩ ዋልታ ይሄዳል። በ4.6 የሚስበው የለምና ባለበት ይቆማል። አሲዱ የበለጠ በርትቶ ፒኤቹ ወደ 3 ቢወርድ ፖዘቲቭ ሆኖ መንገዱን ይገለብጣል። ኤሌክትሮፎሬሲስ ማለት ይኸው ነው፤ ቻርጅ ያላቸውን ነገሮች በኤሌክትሪክ መስክ እያስኬዱ እንደየፍጥነታቸውና እንደየአቅጣጫቸው መለየት ማለት ነው። ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1937 ፕሮቲኖችን ለመለየት የሚያገለግል መሣሪያውን አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1948ም የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበለ።

በዘመኑ ቀላሉ አሠራር እንዲህ ነበር። ረጅም ወረቀት ባፈር በሚባል ፈሳሽ ይርሳል፤ ባፈር ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዝ ፈሳሽ ነው። በወረቀቱ ላይ የፔፕታይዶች ቅልቅል ይጠበጠባል፤ ሁለቱ ጫፎች ከኤሌክትሪክ ጋር ይገናኛሉ። የእያንዳንዱ ፔፕታይድ ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ቻርጁ ሲበዛ ይፈጥናል፣ አካሉ ሲገዝፍ ይዘገያል። ኦፈርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት በወረቀት ላይ የፔፕታይዱ ፍጥነት ከቻርጁ ጋር እንደሚያድግና ከሞለኪዩል ክብደቱ የሁለት ሦስተኛ ኃይል ጋር እንደሚቀንስ አሳይቷል። አካሉን መርማሪው ሊለውጠው አይችልም። ቻርጁን ግን ባፈሩን በመምረጥ ይለውጠዋል። እንግዲህ ፒኤች በመርማሪው እጅ ያለ መሪ ነው።

ሦስት ፔፕታይዶች በአራት ፒኤች

ነገሩን በምሳሌ እንየው። እያንዳንዳቸው ሦስት ፍሬ ያላቸው፣ ዳርና ዳራቸው ግላይሲን የሆነ፣ በመካከላቸው ብቻ የሚለያዩ ሦስት ፔፕታይዶች እንውሰድ። የ«ሀ» መካከል ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ የ«ለ» ሂስቲዲን ነው፤ የ«ሐ» ላይሲን ነው። አካላቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው ቻርጅ ነው። ከላይ በሰጠናቸው ቁጥሮች ሂሳቡን ብናሰላ በግምት የሚከተለውን እናገኛለን።

በፒኤች 2፦ ሀ +1፤ ለ +2፤ ሐ +2።
በፒኤች 6፦ ሀ −1፤ ለ +0.5፤ ሐ +1።
በፒኤች 9፦ ሀ −1.9፤ ለ −0.9፤ ሐ ዜሮ ሊባል የሚችል።
በፒኤች 12፦ ሀ −2፤ ለ −1፤ ሐ −1።

በፒኤች 6 ያለው ግማሽ ቻርጅ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። የ«ለ» ሂስቲዲን በፒኬኤው ላይ ስለሚገኝ ከሞለኪዩሎቹ ግማሹ ሃይድሮጂን ይዘዋል፤ ግማሹ ለቀዋል። ይህም በአንድ ቦታ የቆመ ክፍፍል አይደለም፤ አንዱ ሞለኪዩል በቅጽበት ውስጥ ደጋግሞ ይይዛል፣ ደጋግሞ ይለቃል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የሚታየው አማካዩ ነው።

አሁን ሠንጠረዡን እናስተውል። በፒኤች 6 ሦስቱ በግልጽ ይለያያሉ። «ሀ» ወደ ፖዘቲቩ ዋልታ ይሄዳል፤ «ለ» እና «ሐ» ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳሉ፤ «ሐ»ም የ«ለ»ን እጥፍ ያህል ይፈጥናል። በፒኤች 9ም ይለያያሉ። በፒኤች 2 እና በፒኤች 12 ግን «ለ» እና «ሐ» አንድ ዓይነት ቻርጅ ይዘው ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ በወረቀቱም ላይ አንድ ነጥብ መስለው ይታያሉ።

ምክንያቱ ከሰው ጠባይ ሩቅ አይደለም። በጥጋብ ዓመት ለጋሱም ንፉጉም ጎተራው ሙሉ ስለሆነ አይለዩም፤ በከፋ የረሀብ ዓመትም ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ስለሚቀሩ አይለዩም። ጠባያቸው የሚታወቀው አንዱ ሲሰጥ ሌላው በሚይዝበት መካከለኛ ዓመት ነው። ሃይድሮጂን እጅግ በበዛበት ፒኤች 2 ሂስቲዲንም ላይሲንም ይይዛሉ፤ እጅግ ባነሰበት ፒኤች 12 ሁለቱም ይለቃሉ። በ6.0 እና በ10.5 መካከል ግን ሂስቲዲኑ ሲለቅ ላይሲኑ ይዞ ይቆያል። ደንቡም ይህ ነው፦ ሁለት ፔፕታይዶችን መለየት የሚሻ ሰው የሚለያዩባቸው ክፍሎች አንዱ ይዞ ሌላው የሚለቅበትን ፒኤች ይምረጥ።

ከዚሁ ጋር የእያንዳንዱን አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ማስላት ይቻላል። የ«ሀ» በ3.3 እና በ4.2 መካከል 3.75 ገደማ ነው፤ የ«ለ» በ6.0 እና በ8.0 መካከል 7.0 ነው፤ የ«ሐ» በ8.0 እና በ10.5 መካከል 9.25 ነው። ከዚህ የመነጨ ሌላ ዘዴ አለ። አንድ ፒኤች በመምረጥ ፈንታ ከአሲድ ወደ አልካሊ ቀስ በቀስ የሚወጣ የፒኤች ደረጃ በጄል ውስጥ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ፔፕታይድ እየተጓዘ የራሱ ቻርጅ ዜሮ የሚሆንበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የአውሮፓ ኅብረት በበግ፣ በፍየልና በጎሽ ወተት አይብ ውስጥ የላም ወተት ተደባልቆ እንደሆነ የሚያረጋግጠው ኬዚኑን በኢንዛይም ቆራርጦ ቁራጮቹን በዚሁ ዘዴ በመለየት ነው።

አንድ መስሎ የታየው ኬዚን

በምሳሌያችን ያየነው የሂስቲዲን ነገር በወተት ታሪክ ውስጥ በእርግጥ ደርሷል። አሻፈንበርግ እ.ኤ.አ. በ1961 ቤታ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ከላም ላም እንደሚለያይ አሳየ፤ ዓይነቶቹንም ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ሰየማቸው። ለአምስት ዓመታት ያህል ኤ አንድ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተርሰንና ኮፕፍለር ያንኑ ኬዚን አሲድ በሆነ ጄል ላይ ሲያስኬዱት ግን ኤ ተከፋፈለ፤ ዛሬ ኤ1፣ ኤ2 እና ኤ3 የሚባሉት ከዚያ ወጡ።

በኋላ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ሲታወቅ ምሥጢሩ ተገለጠ። ቤታ ኬዚን 209 አሚኖ አሲዶች አሉት። በ67ኛው ቦታ ኤ1 ሂስቲዲን ሲኖረው ኤ2 ፕሮሊን አለው። ኤ3 ደግሞ እንደ ኤ2 ሆኖ በ106ኛው ቦታ በሂስቲዲን ፈንታ ግሉታሚን አለው። ስለዚህ ከኤ2 ጋር ሲነጻጸሩ ኤ1 አንድ ሂስቲዲን ይበልጣል፤ ኤ3 አንድ ሂስቲዲን ያንሳል። በአልካሊ ጄል ሂስቲዲን ሃይድሮጂኑን ስለለቀቀ ቻርጅ የለውም፤ ስለሆነም ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ። በአሲድ ጄል እያንዳንዱ ሂስቲዲን አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚሰጥ ይለያያሉ። ፕሮቲኑ በ1961ም በ1966ም ያው ነበር፤ የተለወጠው ባፈሩ ነው።

ይህ ልዩነት በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የንግድ ነገር ሆኗል፤ ኤ2 ብቻ የሚሰጡ ላሞች ተመርጠው ወተታቸው በተለየ ስም ይሸጣል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 ማስረጃውን መርምሮ፣ ከቤታ ኬዚን የሚወጣው አጭር ፔፕታይድ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን እንደሚያመጣ የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም። የሆነ ሆኖ በሰንዳፋም ሆነ በሱሉልታ ከሆልስታይን የተዳቀሉ ላሞችን የሚያረባ ሰው አንድ ቀን «ወተትህ የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በጂን ምርመራ፣ ወይም በትክክለኛው ፒኤች በተደረገ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚገኝ ነው። በአልካሊ ጄል ብቻ የተመለከተ ሰው ግን ጥያቄው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

በደም ላይ የሚሰጥ ፍርድ

ከወተት ወደ ደም እንሻገር፤ እዚህ የስሕተቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ቀይ የደም ሴሎችን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ የዘር በሽታ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ተሸካሚነቱ ከከባድ ወባ የመከላከል ኃይል ስለሚሰጥ በሽታው ወባ በበዛባቸው አገሮች ተስፋፍቷል። ስለሆነም ሰፊ ቆላ ላለው አገራችን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ላይነስ ፖሊንግና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 የጤነኛና የበሽተኛ ሰዎችን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሮፎሬሲስ አነጻጸሩ። የሁለቱ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ በ0.2 ያህል ብቻ ይለያይ ነበር። ነገር ግን በፒኤች 6.9 የጤነኛው ኔጋቲቭ፣ የበሽተኛው ፖዘቲቭ ስለሆኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ። አንድ በሽታ ከአንድ ሞለኪዩል ለውጥ እንደሚመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ነው።

ለውጡ የት እንዳለ ያገኘው ግን በካምብሪጅ የነበረው ቨርነን ኢንግራም ሲሆን መንገዱም የፔፕታይድ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሄሞግሎቢኑን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ቆራረጠው፤ ቁራጮቹን በወረቀት ላይ በአንድ አቅጣጫ በኤሌክትሮፎሬሲስ፣ በሌላው አቅጣጫ በክሮማቶግራፊ ዘረጋቸው። 30 ከማይሞሉ ነጥቦች መካከል አንዱ ብቻ ቦታውን ለቆ ተገኘ። በዚያ ፔፕታይድ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ የነበረበት ቦታ በቫሊን ተተክቷል፤ ይህንንም በሚቀጥለው ዓመት አረጋገጠ። ባፈሩ ከገለልተኛው 7 ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር። በዚያ ፒኤች ግሉታሚክ አሲድ ኔጋቲቭ ነው፤ ቫሊን ቻርጅ የለውም፤ ስለዚህ በሁለቱ ፔፕታይዶች መካከል አንድ ሙሉ ቻርጅ ልዩነት አለ። ባፈሩ ፒኤች 2 ቢሆን ኖሮ ግን ግሉታሚክ አሲዱ ሃይድሮጂኑን ይዞ ቻርጅ አልባ ይሆናል፤ ሁለቱ ነጥቦችም በኤሌክትሪኩ ሊለያዩ አይችሉም ነበር።

ለዘመናት በሆስፒታሎች የተለመደው ምርመራ በፒኤች 8.6 አካባቢ የሚደረገው ነው። በዚህ ፒኤች ሄሞግሎቢኖች ሁሉ ኔጋቲቭ ሆነው ወደ ፖዘቲቩ ዋልታ ይሄዳሉ፤ ኤስ የሚባለው የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን ግን ኔጋቲቭ ቻርጁ ስለጎደለ ከጤነኛው ኤ ኋላ ይቀራል። ችግሩ ዲ የሚባለው ሌላ ሄሞግሎቢን በ121ኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲዱን በግሉታሚን ተክቶ ያንኑ ያህል ኔጋቲቭ ቻርጅ ማጉደሉ ነው። ስለሆነም በፒኤች 8.6 ኤስ እና ዲ በአንድ ቦታ ይውላሉ። ሲ እና ኢ የሚባሉትም እንደዚሁ አንድ ላይ ይገኛሉ። ከአንድ ወላጅ ብቻ ዲ የወረሰ ልጅ ምንም በሽታ የለበትም፤ በዚህ ምርመራ ብቻ የፈረደ ሰው ግን «የሲክል ሴል ተሸካሚ ነው» ብሎ ወላጆቹን ያስጨንቃል። በአንጻሩ ኤስ ከአንዱ፣ ዲ ከሌላው የወረሰ ልጅ ከባድ በሽታ ሊይዘው ይችላል።

መፍትሔው ሁለተኛ ፒኤች ነው። ያው ደም በአሲዳማ ባፈር፣ በ6.2 አካባቢ፣ በአጋር ላይ ሲሄድ ኤስ ከዲ ይለያል፤ ሲም ከኢ ይለያል። በዚህ ዘዴ አጋሩ ራሱ ከሄሞግሎቢኑ ጋር ስለሚያያዝ የሚለያቸው ቻርጅ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ዛሬ ሌሎች ዘመናዊ ዘዴዎችና የጂን ምርመራም አሉ። ቢሆንም «በአንድ ዘዴ ያገኘኸውን በሌላ አረጋግጥ» የሚለው ደንብ አልተሻረም።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ፒኤች ይህን ያህል ኃይል ካለው በሥራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ውሃውን ስለሚከፋፍል በፖዘቲቩ ዋልታ አሲድ፣ በኔጋቲቩ ዋልታ አልካሊ ይፈጠራል፤ ባፈሩ ደካማ ከሆነ ወይም ብዙ ጊዜ ካገለገለ ፒኤቹ በጉዞው መካከል ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ሙቀት የአንዳንድ ባፈሮችን ፒኤች ይለውጣል፤ ስለዚህ ባፈሩ በምን ያህል ሙቀት እንደተለካ መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ፕሮቲኑ ወደ አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡ ሲቀርብ እንደ አይቡ በመንገድ ላይ ሊረጋ ይችላል። አራተኛ፣ ዛሬ በሚሠራበት ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የቱቦው ግድግዳ ራሱ ፒኤች ከፍ ሲል ኔጋቲቭ ይሆንና ፈሳሹን በሙሉ ወደ ኔጋቲቩ ዋልታ ይነዳዋል፤ ብዙ መርማሪዎች ለፔፕታይድ 2.5 አካባቢ ያለ ፒኤች የሚመርጡት አንዱ ምክንያት ይህን ጅረት ለማዳከም ነው።

ቻርጅን ሆን ብሎ የሚያጠፋ አሠራርም አለ። ኤስዲኤስ የሚባል የሳሙና ዓይነት ፕሮቲኖቹን ሁሉ በኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚሸፍናቸው መለያቸው መጠናቸው ብቻ ይሆናል። ኤሌክትሮፎሬሲስ በአገራችን እህልም ላይ ውሏል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር የጤፍ ዘር ፕሮቲኖችን ልዩ ልዩነት ያጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። እንግዲህ ዘዴው ከእኛ ምግብና ከእኛ ምሁራን የራቀ አይደለም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ኤሌክትሮፎሬሲስ ጥያቄ ጠያቂ ነው፤ ፒኤች ደግሞ ጥያቄው የሚቀርብበት ቋንቋ ነው። በአንድ ፒኤች ሁለት ነጥብ ካየን ቢያንስ ሁለት ነገሮች እንዳሉ እናውቃለን። አንድ ነጥብ ብቻ ካየን ግን «አንድ ነገር ነው» ለማለት መብት የለንም፤ «በዚህ ፒኤች አንድ ሆኖ ታየ» ለማለት ብቻ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት በእጃችን ሲገባ፣ ሐኪም ብንሆን፣ ወተት ነጋዴ ብንሆን፣ ወይም ስለ ልጁ ጤና የሚጠይቅ ወላጅ ብንሆን፣ ከውጤቱ ጎን ፒኤቹ ተጽፎ እንደሆነ እንመልከት፤ ካልተጻፈም እንጠይቅ።